ባሕር የለንም፣ ዳርቻ ግን አለን፦ ከጫንጮ ተነስተን የት እንሂድ? የትስ እንደር?

በዚህ እትም ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ እረፍት ጊዜ ጉዞ ነው። ይህን ርዕስ የመረጥኩት ሰሞኑን በክፍላችን ወሬው ሁሉ እሱ ስለሆነ ነው። አንዱ «ላንጋኖ» ይላል፣ አንዷ «ሐዋሳ» ትላለች፣ ከኋላ ወንበር ደግሞ «ባሕር ዳርቻ ነው መሄድ!» የሚል አይጠፋም። ሁላችንም ቦታ ስንመርጥ የምንጠይቀው «ያምራል ወይ?» ብለን ብቻ ነው። እኔ ግን ከዚህ በፊት መጠየቅ ያለባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ እላለሁ። የት እናድራለን? ውሃውስ ይገባበታል ወይ? እነዚህን ሁለቱን ያልጠየቀ ሰው ወይ ብር ያልቅበታል፣ ወይ ይታመማል፣ ከዚያ የባሰም ይመጣል።

መጀመሪያ ስለ ባሕሩ ላንሳ። አገራችን ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ የባሕር በር የላትም። በፊት በፊት ሰው ለሽርሽር ምጽዋ ይወርድ ነበር፤ ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ ሰምታችሁ ይሆናል። አሁን ጨዋማውን ባሕር ማየት የፈለገ የሚቀርበው ጅቡቲ ነው። ይገርማችኋል፣ የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ የሚጀምረው ከሰበታ ነው፤ ማለትም እንደኛው አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች ከአንዷ ነው። ሐዲዱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ተሳፋሪ የሚሳፈረው ግን ፉሪ ለቡ ካለው ጣቢያ ነው። ታዲያ ለምን አንሄድም? አንደኛ ፓስፖርት ይጠይቃል። ሁለተኛ እኛ ትምህርት የሚዘጋልን በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ያኔ ጅቡቲ ውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። እኛ ሹራብ ለብሰን እንኳ የሚበርደን የጫንጮ ልጆች እዚያ ምን ልንሆን ነው? ስለዚህ ዳርቻችን የሐይቅ ዳርቻ ነው። ከዳርቻም ሌላ ገደል አለን። እሱን ማንም አይወስድብንም።

ከቅርቡ ልጀምር፣ ከገደሉ። ከጫንጮ አስፋልት ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው፣ የሲሚንቶ መኪኖች ቀን ከሌት የሚመላለሱበት መንገድ ደርባ ያደርሳል። ደርባ እኮ በራሳችን በሱሉልታ ወረዳ ውስጥ ነው። እዚያ ሜዳው ሄዶ ሄዶ በድንገት ያልቃል፤ ከሥር የሙገር ሸለቆ ተከፍቶ ይታያል። የሙገር ወንዝ ወደ ዓባይ የሚገባ ወንዝ ነው፤ ለብዙ ሺህ ዓመታት አፈርና ድንጋይ እየቦረቦረ ሸለቆውን ያወረደው እሱና ገባሮቹ ናቸው። ከላይ የመጣው ውሃ ገደሉ አፍ ላይ ሲደርስ ይወረወራል፤ የደርባ ፏፏቴ የሚባለው ይኸው ነው። ከአዲስ አበባ ቅዳሜና እሁድ መኪና ሞልተው እየመጡ የሚያዩት ሰዎች አሉ። በክፍላችን ስጠይቅ ግን ላንጋኖን በስልክ ያየው ብዙ ነው፣ ደርባን በዓይኑ ያየው ትንሽ ነው። ይሄ ትንሽ ያሳፍራል።

ወቅቱን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ፏፏቴው ውሃ የሚሞላው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ነው። በጥርና በየካቲት ከሄዳችሁ ክር የመሰለ ውሃ ነው የምታዩት፤ አንዳንዴ እሱም የለም። በሐምሌ ደግሞ ውሃው አለ፣ ጉሙ ግን ሸለቆውን ሸፍኖት ነጭ ነገር ብቻ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። በዚያ ላይ ጭቃው ያንሸራትታል፤ ገደሉ አፍ ላይ አጥር የሚባል ነገር ደግሞ አትጠብቁ። ስለዚህ የእኔ ምርጫ አደይ አበባ የሚወጣበት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ነው፤ ሰማዩ ይጠራል፣ ውሃውም ገና አልደረቀም።

ገደሉ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ታያላችሁ። ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የትም አይገኝም። ሌላው የዝንጀሮ ዘር ያገኘውን ሲበላ ጭላዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሣር ነው የሚግጠው፤ ቁጭ ብሎ በጣቶቹ እየነጨ። ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቦታ አለው፤ ወንዱ እንደ አንበሳ ጎፈር አለው። ማታ ማታ ጅብና ነብር እንዳያገኘው ገደሉ ውስጥ ወርዶ ድንጋይ ላይ ያድራል፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ተመልሶ ወደ ሜዳው ይወጣል። ስለዚህ ጠዋት የሄደ ሰው በደንብ ያየዋል። እባካችሁ ዳቦና ብስኩት አትወርውሩለት። ከለመደ በኋላ ሰው እያባረረ መቀማት ይጀምራል፤ ቀጥሎ ደግሞ በማሳ በኩል ይመጣል፣ ያኔ የሚጎዳው ገበሬው ነው።

ደርባ ለማደር ሳይሆን ደርሶ ለመመለስ ነው። ማደር የፈለገ ጫንጮ ተመልሶ ፔንሲዮን ይይዛል፤ አለዚያ ወደ ሱሉልታ ይወርዳል። ሱሉልታ የታወቁ አትሌቶች የሚሮጡባት ቦታ ስለሆነች፣ እንደ ያያ ቪሌጅ ያሉ ሯጮችና የውጭ አገር ሰዎች የሚያርፉባቸው ማረፊያዎች አሏት። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ሯጮቹም የሚመጡት ለሱ ብለው ነው።

በዚሁ በእኛው አስፋልት ወደ ሰሜን ብንቀጥል ደግሞ ዱበርን፣ ሙከ ጡሪንና ደብረ ጽጌን አልፈን፣ ፍቼ ከመድረሳችን በፊት ወደ ቀኝ ስንታጠፍ ደብረ ሊባኖስ ገዳም ይገኛል። ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ ዘመኑም በፈረንጅ አቆጣጠር 13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። አሁን የምናየው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ግን በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራ ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የጣሊያኑ ግራዚያኒ ብዙ መቶ መነኮሳትንና ምእመናንን እዚህ አካባቢ አስፈጅቷል። ስለዚህ ቦታው የሽርሽር ብቻ አይደለም፤ የሚገባም ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚገባው፣ ክርስቲያን ሆነም አልሆነም።

ከገዳሙ ብዙም ሳይርቅ የፖርቹጋል ድልድይ የሚባል የድንጋይ ድልድይ አለ። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ ፖርቹጋሎች በአገራችን ከነበሩበት ዘመን ብዙ ቆይቶ፣ የአፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ እንዳሠሩት ነው የሚነገረው። ድንጋዩ የተያያዘው በኖራና በሰጎን እንቁላል ነው የሚሉም አሉ። ውሃው ከድልድዩ ሥር አልፎ ወዲያው ወደ ገደል ይወድቃል፤ ስለዚህ ፎቶ ለመነሣት ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያላችሁ እንዳትሄዱ አደራ።

እዚህ ማደር ይቻላል። ገደሉ አፍ ላይ ኢትዮ ጀርመን ፓርክ ሆቴል አለ፤ ጠዋት ከክፍል ወጥቶ ሸለቆውን ማየት ይቻላል። ብር መቆጠብ የፈለገ ፍቼ ገብቶ መለስተኛ አልጋ ይይዛል። ቀኑን ግን አስቡበት። ነሐሴ 24፣ ታኅሣሥ 24 እና ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓላት ናቸው። በነዚህ ቀናት ከየአገሩ ሕዝብ ይጎርፋል፤ ባዶ አልጋ ማግኘት ከባድ ነው። ለመንፈሳዊ ጉዞ የሚሄድ ሰው ለዚያ ተዘጋጅቶ ነው የሚሄደው። ለጉብኝት የሚሄድ ግን ሌላ ቀን ይምረጥ።

መንገዱ ከዚያም ወዲያ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ፣ በጎጃም አድርጎ ባሕር ዳር ይደርሳል። እንግዲህ አስቡት፣ በራችን ላይ የሚያልፈው አስፋልት በቀጥታ ጣና ሐይቅ ዳር ያደርሰናል ማለት ነው! ጣና ከአገራችን ሐይቆች ትልቁ ነው፤ በደሴቶቹ ላይና በዘጌ የድሮ ገዳማት አሉ፣ ሰውም በጀልባ እየሄደ ይጎበኛቸዋል። ግን ሩቅ ነው፤ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይፈልጋል። መንገዱ ሰላም መሆኑንም አስቀድሞ ከሹፌሮች መጠየቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጣናን ለሌላ ጊዜ ትቼው ወደ ደቡብ ልዙር።

አዲስ አበባን አልፈን በመጀመሪያ የምናገኘው ቢሾፍቱን ነው። ኦሮምኛ የምንናገር ልጆች ስሟን ስንሰማ «ቢሻን»፣ ውሃ፣ የሚለው ወዲያው ይመጣልናል፤ እውነትም ከተማዋ በሐይቆች የተሞላች ናት። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱና ራሱ የቢሾፍቱ ሐይቅ ይገኙባታል። ከአዲስ አበባ ቅርብ ስለሆነች ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ሐይቅ ዳር ያሉት ሪዞርቶች ውድ ናቸው። ነገር ግን ሳያድሩ ምሳ በልቶ፣ ሻይ ጠጥቶ ውሃውን እያዩ መዋል የሚቻልባቸው ቦታዎችም አሉ።

አሁን ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ። ከቢሾፍቱ ሐይቆች አብዛኞቹ የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው። ድሮ መሬቱ ፈንድቶ የቀረው ጉድጓድ ነው ውሃ የሞላው። ስለዚህ ዳርቻቸው እንደ ወንዛችን ቀስ እያለ የሚጠልቅ አይደለም፤ እንደ ድስት ነው። ሁለት ሦስት እርምጃ ገብታችሁ ውሃው ጉልበታችሁ ላይ ሆኖ፣ በሚቀጥለው እርምጃ መሬት ልታጡ ትችላላችሁ። የቢሾፍቱ ሐይቅ በጥልቁ ቦታ 87 ሜትር ይደርሳል። አንድ የፎቅ ደረጃ 3 ሜትር ነው ብንል ባለ 29 ፎቅ ሕንፃ ይሰጥማል ማለት ነው። እኛ የጫንጮ ልጆች ዋና የለመድነው፣ ለመድን ከተባለ፣ በክረምት ሜዳው ላይ በሚተኛው ውሃና በትናንሽ ወንዞች ነው። እዚያ ጎበዝ የተባለ ልጅ እዚህ ጎበዝ ላይሆን ይችላል። ሐይቅ ዳር «መዋኘት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ለማስፈራራት የተጻፈ አይምሰላችሁ።

ለዋና ተብሎ ስሙ የሚነሣው ላንጋኖ ነው። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ፣ ማለትም በድሮ ስሟ በዝዋይ፣ አልፎ ይደረሳል። ውሃውን መጀመሪያ ያየ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ቀለሙ እንደ ሻይ በወተት ቡናማ ነው፣ ቆሻሻ ይመስላል። ግን ቆሻሻ ሆኖ አይደለም። በጣም ደቃቅ የሆነ አፈር ውሃው ውስጥ ተንሳፎ ስለሚኖርና ስለማይዘቅጥ ነው። እና ታውቃላችሁ? ይህ ቡናማ ውሃ ጥርት ካሉት ከብዙዎቹ ሐይቆች ይልቅ ለዋና ይመረጣል፤ ብልሃርዚያ የለበትም ተብሎ ነው የሚታወቀው። እንደ ሐዋሳ፣ ዝዋይና ጣና ባሉት ሐይቆች ዳርቻ ግን ብልሃርዚያ መኖሩ በጥናት የታወቀ ነው።

ብልሃርዚያ ምን እንደሆነ ባጭሩ ላስረዳ። በዓይን የማይታይ ትል ነው፤ መጀመሪያ በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያ ወጥቶ ሲዋኝ የሰው ቆዳ ካገኘ በስቶ ይገባል። መጠጣት አያስፈልግም፣ እግርን መንከር ብቻውን ይበቃል። ቀንድ አውጣው የሚበዛው ሣርና ቄጠማ ባለበት፣ ውሃው በማይንቀሳቀስበት ዳርቻ ነው፤ ልጆች የሚጫወቱትም እዚያው ነው። መድኃኒት አለው፤ ካልታከሙት ግን ጉበትን ይጎዳል። እዚህ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ሳላነሣ ባልፍ ደስ አይለኝም። ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ነገሩን ተከታትለው እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም አሳወቁ። ይህ የሆነው በ1950ዎቹ በእኛ አቆጣጠር ነው። ያው እናቶቻችን የሚያውቁት እንዶድ!

ወደ ላንጋኖ ልመለስ። ዳርቻው አሸዋማ ስለሆነ «ባሕር ዳርቻ» የሚለውን ስም ከሌሎቹ ይበልጥ ይመጥነዋል። ሙቀቱም የተለየ ነው። ጫንጮ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ላንጋኖ ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ነው። በትምህርታችን እንደምናውቀው 1,000 ሜትር በወረድን ቁጥር ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይሞቃል። ስለዚህ እዚያ ሌሊትም ቢሆን እንደኛ አይቆረጥምም፤ ድንኳን ተክሎ ማደር የሚቻለው ለዚህ ነው። ሪዞርቶቹ ግቢ ውስጥ ቦታ ከፍለው የራሳችሁን ድንኳን የምትተክሉባቸው አሉ፤ ከክፍል በጣም ይረክሳል። ነፋስ ሲነሣ ግን ሐይቁ ማዕበል አለው፤ ጥልቀትም አለው። ብልሃርዚያ የለም ማለት ውሃው አያሰጥምም ማለት አይደለም። ከአጠገቡ የአብያታና ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ እዚያ ፍልውሃ ይፈላል፣ ፍላሚንጎ የሚባሉ ሐምራዊ ወፎችም ይታያሉ።

ሐዋሳን በአጭሩ ልለፈው፤ ሁሉም ያውቀዋል። አሞራ ገደል የሚባለው የዓሣ ገበያ ጠዋት ነው የሚደምቀው፤ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍ ከሰው መካከል ቆሞ የዓሣ ሆድቃ ይጠብቃል። ጉማሬም በጀልባ ሄዶ ማየት ይቻላል፣ ራቅ ብሎ እንጂ ጠጋ ብሎ አይደለም። እዚያ ዳሩ ላይ ዓሣ መብላት ነው እንጂ ውሃ ውስጥ መግባቱ ይቅር፤ ምክንያቱን ከላይ ተናግሬያለሁ።

በሰበታ በኩል የሄደ ደግሞ በወሊሶ አድርጎ ወንጪ ይደርሳል። ወንጪም የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው፤ ተራራው 3,000 ሜትር ያልፋል፣ ስለዚህ እንደኛው አገር ይበርዳል። ከተራራው ጫፍ ወደ ሐይቁ በእግር ወይም በፈረስ ይወረዳል፣ መሐል ላይ ጨርቆስ ገዳም ያለበት ደሴት አለ፣ በጀልባ ይኬዳል። በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። ለኔ ወንጪ የሚበልጥብኝ ፈረሱንም ጀልባውንም የያዙት የአካባቢው ሰዎች መሆናቸው ነው። ብሩ እዚያው ይቀራል። ደርባም እንዲህ ቢሆን ምን አለበት? የእኛ አገር ልጅ ገደሉንና ጭላዳውን እያስረዳ እንግዳ ቢመራ፣ እናቶች ቆሎና ቡና ቢሸጡ፣ መኪናው ሁሉ ጫንጮን በአቧራ ብቻ አልብሶ አያልፍም ነበር።

አሁን ስለ ማደሪያ። ፔንሲዮን ማለት አልጋ ብቻ ያለው ነው፤ ምግብ ውጭ ይበላል። ሎጅና ሪዞርት ግቢ፣ ምግብ፣ አንዳንዴም የዋና ገንዳ አላቸው። ስልክ ደውላችሁ ዋጋ ስትጠይቁ ወይም ወላጆቻችሁ ሲጠይቁ አንድ ነገር አትርሱ፤ የተነገረው ዋጋ ታክስ ያለበት ነው ወይስ የሌለበት? ለምሳሌ ክፍሉ 2,000 ብር ነው ተባለ እንበል። ትልልቆቹ ቦታዎች ብዙ ጊዜ 10 በመቶ የአገልግሎት ይጨምራሉ፣ 2,200 ሆነ። በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲመጣ 330 ብር ነው። ሒሳቡ 2,530 ብር ሆኖ ይመጣል ማለት ነው። መቶኛ የተማርነው ለፈተና ብቻ አይደለም እኮ! ደግሞም ዋጋው ለክፍሉ ነው ወይስ በሰው? ቁርስ አለው ወይ? ልጆች ይከፍላሉ ወይ? ውሃና መብራትስ አይጠፋም ወይ? እነዚህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከሁሉ የሚሻለው ማደሪያ ግን በየትኛውም ማስታወቂያ ላይ የለም፤ ዘመድ ቤት ነው። ሐዋሳ አክስት ያለው ሰው ሪዞርት ምን ያደርግለታል? ፍራሽ ወለል ላይ ይነጠፋል፣ ራት አብሮ ይበላል፣ ጠዋት የአክስት ልጅ ይዞ ያዞራል፣ የትኛው ቦታ ውሃው እንደሚጎድፍና የትኛው ጀልባ ነጂ ዋጋ እንደሚቆልል እሱ ያውቃል። ባዶ እጅ አለመሄድ ነው እንጂ። ከጫንጮ የሚሄድ ሰው ቅቤ ወይም አይብ ቢይዝ በአክብሮት ይቀበሉታል፤ የሱሉልታ ወተትና ቅቤ ስሙ የታወቀ ነው።

በመጨረሻ ለሚኒ ሚዲያ ክበባችንና ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ አለኝ። የትምህርት ጉብኝት ሲታሰብ ሁልጊዜ ሩቁ ይታሰባል፣ ከዚያ መዋጮው ይበዛና ግማሹ ተማሪ ይቀራል። ዘንድሮ በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ወደ ደርባ ቢሆንስ? አልጋ አያስፈልግም፣ ምሳ በየቤታችን እንቋጥራለን፣ የሚከፈለው የመኪና ብቻ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከተነሣን ጭላዳዎቹ ከገደሉ ሲወጡ እንደርሳለን። ሹራብ፣ የማያንሸራትት ጫማና አንድ ጠርሙስ ውሃ መያዝ ነው፤ ከገደሉ አፍ አሥር እርምጃ ወደ ውስጥ ደግሞ መምህራን በገመድ ምልክት ቢያደርጉልን ጥሩ ነው። መሄድ የሚፈልግ ተማሪ ስሙንና ክፍሉን በወረቀት ጽፎ ለክበቡ ፀሐፊ ይስጥ።